የአርባ እግሮች ምስጢር

አናጢው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያሳለፈው የሌላ ሰው መቀመጫ ሲያስተካክል ነው። የራሱን ኑሮ አደላድሎ ለመቀመጥ ግን ጊዜ አላገኘም። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ከጡረተኛ አባቱ ጋር የሚኖርበት ሁለት ክፍል ቤት። በሁለቱ መካከል አሥራ ስምንት ደረጃ አለ። ዘመዶቹ «ይህ ልጅ ሚስት የሚያገኘው ደረጃው ላይ ወድቃ ብትጠብቀው ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ከሥራ ቤቱ ጀርባ ያለው በር ወደ ነዋሪዎች ማኅበር አዳራሽ ያስገባል። አዳራሹ የተሠራው ለስብሰባ ነው። ስብሰባው ሰው ቢያጣ ጊዜ ማኅበሩ አዳራሹን ለአረጋውያን የጉልበት ልምምድ ፈቀደው፤ ለሦስት ወር፣ በሙከራ። ፈቃዱ በጽሑፍ ሲሆን መጨረሻው ላይ «ውጤቱ በቁጥር ታይቶ» የሚል ነገር አለበት። ቁጥሩ ካላማረ አዳራሹ የማኅበሩ አሮጌ ቧንቧና የተሰበረ በር ማከማቻ ይሆናል።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአናጢው በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። ገፊዋ እጅ አልተረፋትም፤ በሁለቱም ብብቷ ሥር ወንበር ይዛለች። አንገቷ ላይ ፊሽካ፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ አለ።

«አናጢው አንተ ነህ?»

«እንደዚያ ይሉኛል።»

«አሥር ወንበር አለኝ። ከአሥሩ ቀጥ ብሎ መቆም የሚያውቀው አንዱ ነው፤ እሱም ግድግዳ ተደግፎ።»

አናጢው አንዱን ተቀብሎ ገለበጠው። የእግሮቹ ጫፎች ለዓመታት የመወልወያ ውሃ ሲጠጡ ኖረው በጥፍር ሲነካቸው ፈረሱ።

«ወንበሩ ጤነኛ ነው» አላት። «የታመመው እግሩ ነው።»

«እኔ ዘንድ ያሉት ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። ለዓርብ ይደርስልኛል?»

«ከነገ ወዲያ እኮ ነው ዓርብ።»

«አውቃለሁ። ግን ከማሠራቸው አረጋውያን አንዷ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው፤ ከዚህ ላይ ቢወድቁ እኔንም አንተንም ይከሱናል። ፍርዳቸው ደግሞ ይግባኝ የለውም ይባላል።»

ይህን ስትል አልሳቀችም። አናጢው ሳቋን የት እንደደበቀችው ለማግኘት ፊቷን ትክ ብሎ አየ፤ ዓይኗ ጥግ ላይ አገኘው። ከዚያ ማየቱን ማቆም እንዳለበት ትዝ አለው፤ ትዝ ያለው ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው።

በማግሥቱ የቀሩትን ስምንት ወንበሮች ሊያመጣ በጀርባው በር ወደ አዳራሹ ገባ። ዘጠኝ አረጋውያን ወንበሮቹ እስኪወሰዱባቸው ግድግዳ ተደግፈው ተረከዛቸውን ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። የምታሠራቸውን የትናንቷን ሴት «ቁጭ-ብድግ» ብለው ሰይመዋታል። ስሙን ያወጡላት በፊቷ ሲሆን እሷም እንደ ማዕረግ ተቀብላዋለች።

«በቀሩት ወንበሮች ላይ አንድ ዙር በየተራ» አለች። «ስትነሱ እንደተያዘ ሌባ ፈጠን፣ ስትቀመጡ እንደ ንጉሥ ቀስ።»

«ልጄ» አሉ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ «እኔ ሌባም ሆኜ ንጉሥም ሆኜ አላውቅም። ለልብስ ሰፊ የሚሆን የለሽም?»

«ሲነሱ ደንበኛ እንደገባ። ሲቀመጡ ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ እንደወጣ።»

«አሁን ገባኝ» አሉ ልብስ ሰፊው፤ ተነሡም።

«ጉልበት ብቻውን አይበቃም» አለች ቁጭ-ብድግ ለሁሉም። «ፍጥነትም አብሮ ይፈለጋል። ሰው ሲደናቀፍ መሬት ቆማ አትጠብቀውም። እግራችሁ ከመሬት መቅደም አለበት።»

ከዚያ የዳኛዋ ተራ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው፤ አሁን የቸገራቸው መነሣቱ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ ድረስ ሄደው ተመለሱ። በሁለተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ተነሡ፤ ሲነሡ ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። አናጢው ያንን ከንፈር እያየ ወንበሮቹን ሰብስቦ ወጣ።

ሙያውን ያስተማሩት ሰው «ጥሩ ወንበር ማለት ሰው ሳይለፋ ተቀምጦ ሳይለፋ የሚነሣበት ነው» ብለውት ነበር። እሱም ይህንን እንደ ሕግ ይዞት ኖሯል። ስለዚህ የአርባዎቹን እግሮች የበሰበሰ ጫፍ ቆርጦ ጠንካራ እንጨት ቀጠለባቸው፤ ሲቀጥል ደግሞ እያንዳንዱን እግር ከቀድሞው አራት ሴንቲ ሜትር አስረዘመው። የጎማ ጫማም አለበሳቸው። ለእናቱ ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ቁመቱን እንዳትነካ ያለችው ነገር የለም። ለእሷ ይህን መናገር ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛ «መድኃኒቱን በውሃ አታቅጥነው» ብሎ እንደማሳሰብ ነው፤ ማን ያስበዋል?

ዓርብ ጠዋት ወንበሮቹ ደረሱ። ዓርብ የመለኪያ ቀን ነው፦ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ እጅ ደረት ላይ ተጣጥፎ፣ ስንት ጊዜ ብድግ ቁጭ? ልምምዱ ሲጀመር የሁሉም አማካይ ዘጠኝ ነበር።

ከምሳ በፊት ቁጭ-ብድግ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ወደ ሥራ ቤቱ ገባች። አሁንም በሩን በእግሯ ነው የከፈተችው።

«አሥራ ሦስት» አለች።

«ምኑ?»

«አማካዩ። ዳኛዋ እንኳ አሥር ጊዜ ተነሡ። ልብስ ሰፊው ጨርሰው "ሌላ ግማሽ ደቂቃ ጨምሪልኝ" አሉኝ። ወንበሩ አልነቃነቅ ሲላቸው ልባቸውም አልነቃነቅ አለ መሰለኝ። ሻዩ ላንተ ነው።»

አጣና ክምር ላይ ተቀመጠች፤ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ በፊት የአናጢውን ሥራ ያመሰገነ ሰው ነበር፤ ሥራው ያሳቀው ሰው ግን አልነበረም።

ከክፍሉ ጥግ፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ የሚሰሙት አባቱ እንግዳ መምጣቷን አይተው ሰላም ሊሏት ተነሡ። ማለት ሊነሡ ሞከሩ። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ጠረጴዛውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሰው እጃቸውን ዘረጉላት። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ቁጭ-ብድግ እጃቸውን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችም።

«አባባ፣ ሰኞ በአራት ሰዓት አንድ ባዶ ወንበር አለኝ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም። ወንበሩ ነው ሰው ያጣው።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። መቀመጥ ማንም አያስተምረኝም።»

«መቀመጡን መቼ አስተምራለሁ አልኩ?»

አባቱ ልጃቸውን አዩት። ልጅየው የመላጊያውን ስለት ያጸዳ ጀመር።

ሰኞ በአራት ሰዓት አባቱን ደግፎ ወደ አዳራሹ አስገባቸው። ሊወጣ ሲል የቁጭ-ብድግ ድምፅ ከበሩ ላይ መለሰው።

«ይህ ወንበር አርባ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ አባባ። የትም ሄደው ቢለኩ ለዚህ ፈተና ልኩ ይኸው ነው። ቁጥራችንን ሰው የሚያምንልን ለዚህ ነው። ከፍ ባለ ወንበር ማንም ይነሣል። መቸገሩ ነው መድኃኒቱ።»

አናጢ ብዙ ነገር ይረሳል፤ የሠራውን ልክ ግን አይረሳም። አርባ ሰባት። የአሥሩም ወንበር ቁመት አርባ ሰባት ሴንቲ ሜትር ነበር። አናጢው አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ቁጭ-ብድግ ዞር ብላ ከአባቱ ትከሻ በላይ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ደስታ እንደ ቤት ምሰሶ ነበር፤ ያንን ነቅሎ ማውጣት የሚችል እጅ አላገኘም። አፉን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሊነግራት ሦስት ጊዜ ሞክሯል። የመጀመሪያው በሻይ ሰዓት ነው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አላት።

«እኔም» አለች፤ ቀደመችውም። በፊት የሠራችበት ቦታ አለቃዋ «ሽማግሌ ማስነሣት የሞተ ባትሪ ማስነሣት ነው፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል» ይላት እንደነበር ነገረችው። «እነዚህን ቁጥሮች ባሳየው ደስ ይለኝ ነበር። አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ሻዩ ቀዝቅዟል።»

ሁለተኛው አውቶቡስ መቆሚያ ላይ ሲሸኛት ነው፤ አውቶቡሱ መጣ። ሦስተኛውን ራሱም እንደ ሙከራ አይቆጥረውም።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። አበው አናጢ አልነበሩም። አናጢው የማይነቅዝ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ዝምታው ሌሊት ሌሊት እንደ ነቀዝ ውስጡን ሲበላው ይሰማው ነበር። በሳምንቱ ታዲያ አንድ መላ መታ። ሌላው ሰው ጥፋቱን ይናዘዛል፤ እሱ ግን በሙያው ነው የሄደው። ጥፋቱን ይልገዋል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በግማሽ ሴንቲ ሜትር።

አራቱንም ሴንቲ ሜትር በአንድ ቀን ቢቆርጥ ዳኛዋ ያውቁበታል፤ ዕድሜያቸውን የሰው ቅጥፈት ሲለኩ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ አዳራሹ ሲዘጋ፣ በጀርባው በር ገብቶ ከአርባዎቹ እግሮች ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይቆርጥና የጎማ ጫማቸውን መልሶ ያለብሳቸዋል። ሰጋቱራውንም በእርጥብ ጨርቅ ይለቅማል። በስምንት እሑድ ወንበሮቹ አርባ ሦስት ይገባሉ። ማንም ሳያውቅ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ እንደነበረው ይሆናል።

ሰኞ ሰኞ አዳራሹ ያጉረመርም ጀመር።

«ቁጭ-ብድግ» አሉ ልብስ ሰፊው፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የከበድኩት ወይስ መሬት ናት የጠበቀችኝ?»

«ሰኞ ሁልጊዜ ይከብዳል። በርቱ። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄዷል። የቀረነው እኛ ነን።»

ረቡዕ ላይ ማጉረምረሙ ይቀንሳል። ዓርብ ላይ ይጠፋል። እሑድ አናጢው መጋዙን ያነሣል። ሰኞ እንደገና።

የአናጢውና የቁጭ-ብድግ ነገር ደግሞ በዚያው ልክ፣ ግን ወደ ላይ፣ ይሄድ ነበር። ከልምምድ በኋላ ሻይ ልማድ ሆነ። መላጊያ አያያዝ ሲያስተምራት እጇ ከእጁ ሥር ገባ፤ ሁለቱም ስለ እንጨቱ ያወሩ መሰላቸው። የእንጨቱ ልጣጭ ከመላጊያው ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ሲወጣ «አየኸው?» አለችው በሹክሹክታ፣ የሚያንቀላፋ ሕፃን ያየች ይመስል። እሱ ጥብጣቡን አላየም። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አውቶቡሱ ሁልጊዜ ቶሎ ይመጣ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት አንዱን ሳይሳፈሩበት አሳለፉት፤ በስድስተኛው ሁለት። በሰባተኛው ሹፌሩ በሩን ሳይከፍት እጁን አወዛውዞላቸው አለፈ።

አባቱም ሰው አግኝተዋል። ከዳኛዋ ጋር የሚወያዩት ስለ መንገድ ትራፊክ ሕግ ነው፤ ሁለቱም በተቃራኒ ወገን ሆነው ዕድሜያቸውን የፈጁበት ጉዳይ ስለሆነ ወሬው አያልቅም። እቤት ሲገቡም ልጃቸውን ቀድመው ደረጃውን ይወጣሉ። ልጅየው ሐሳቡ ወንበሮቹ ላይ ስለነበር ይህንን ልብ አላለም።

ስምንተኛው እሑድ አለፈ። አናጢው የመጨረሻዋን እግር ቆርጦ ሜትሩን ዘረጋ። አርባ ሦስት። አሥሩንም ለካ፤ አሥሩም አርባ ሦስት። ወለሉን ጠርጎ ወጣ፣ በሩን ዘጋ፤ የዚያን ቀን ምሳውን በእውነተኛ የምግብ ፍላጎት በላ።

ዓርብ ቁጭ-ብድግ ወደ ሥራ ቤቱ ስትገባ ሻይ አልያዘችም። በሩንም በእጇ ነው የከፈተችው። አጣናው ላይ ተቀመጠች።

«ልሄድ ነው» አለች።

«ወዴት? አውቶቡሱ ገና ነው።»

«ሌላ ከተማ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ሰጥቶኛል፤ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መልስ ይጠብቃል።»

አናጢው እጁ ላይ ያለውን መዶሻ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።

«የመጨረሻውን መለኪያ ዛሬ አደረግን» አለች። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየችው። መስመሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ መሰላል ይወጣና ከዚያ እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። «አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስት። አንዴ አሥራ ሁለት ተኩል። አሥራ ሦስት። ስምንት ሳምንት ክብደት ጨመርኩ፣ ፍጥነት ጨመርኩ፣ የውሃ ጠርሙስ አሸከምኳቸው። አንድ ስንዝር ፈቀቅ አላሉም። የመጀመሪያው ዕድገት እኔ ያመጣሁት አይደለም፣ መልመድ ነው። አለቃዬ እውነቱን ነበር፤ ትንሽ ሄደው ቆሙ። ወይም ሥራውን አላውቀውም። በሚቀጥለው ዓርብ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።»

ጥፋቱ ጠፍቷል። አርባዎቹ እግሮች ልካቸውን ይዘዋል፤ ሰጋቱራው ተጠርጓል፤ በዚህ ምድር ላይ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አናጢው ዝም ቢል የሚደርስበት ነገር የለም። የሚደርሰው እሷ ላይ ነው፤ ዕድሜ ልኳን ሥራዬን አላውቀውም ብላ ትኖራለች።

«ወንበሮቹን አራት ሴንቲ ሜትር አስረዝሜያቸው ነበር» አላት።

ቀና አለች።

«ስጠግናቸው። ዳኛዋ ሲቸገሩ አይቼ። ለእኔ ጥሩ ወንበር እንደዚያ ነው። በኋላ አርባ ሦስት ስትይ ሰማሁ። ከዚያ በየእሑዱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየቆረጥኩ መለስኳቸው። ባለፈው እሑድ ጨረስኩ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሜትር አንሥታ በጀርባው በር ወጣች። እሱም ተከተላት። አሥሩን ወንበሮች አንድ በአንድ ተንበርክካ ለካች። አሥር ጊዜ «አርባ ሦስት» ስትል ሰማት።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«አባቴ የጀመረ ሰኞ።»

«ስምንት ሳምንት።»

«ዘጠኝ ሊሆን ነው» አላት። ልክ መናገር ልማዱ ስለሆነ እንጂ ይህችን እንኳ ባያርማት ይሻል ነበር።

«ስምንት ሳምንት ሙሉ የት ጋ ነው ያጠፋሁት እያልኩ ማስታወሻዬን ስገልጥ ሳድር፣ አንተ ፊቴ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ። ወንበሩን ስላስረዘምክ አልቀየምህም፤ የዋህነት ነው። አውቀህ ዝም ማለትህን ግን ምን ብዬ ልጥራው?»

ሜትሩን እጁ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር ፊቷን አላየም፤ ጣቶቿ ግን በአየር ላይ አንድ ነገር ይቆጥሩ ነበር።

«ወንበሩ በየሳምንቱ እየወረደ» አለች ለራሷ፣ «ቁጥሩ ካልወረደ...»

ትከሻዋ ከፍ አለ። ከዚያ ዞረች፤ ጣቷንም ቀሰረችበት።

«አሁን ደስ እንዲለኝ አታድርገኝ። ተናድጃለሁ።»

በሩን ዘግታ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት አባቱ መጥተው ጠሩት። «ትፈለጋለህ» አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። አዳራሹ ውስጥ ዘጠኙ አረጋውያን ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ቁጭ-ብድግ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱም ንገር» አለችው። «የተነሡት እነሱ ናቸው።»

ነገራቸው። መጀመሪያ የተናገሩት ልብስ ሰፊው ናቸው።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ስቀመጥ የሱሪዬ ጫፍ በየሳምንቱ ወደ ላይ ይሸሻል። ቁመት የጨመርኩ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም።»

«በሰባ ስድስት ዓመትህ?» አሉ አባቱ።

«ተስፋ ማድረግ በዕድሜ ነው እንዴ?»

ዳኛዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ወንበሩን ከፍ ያደረግኸው ለእኔ አዝነህ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሁለተኛ እንዳታዝንልኝ። ሰው ሲያዝንልኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። ስለዚህኛው ጥፋትህ ነፃ ነህ። ዝም ስላልክበት ግን ጥፋተኛ ነህ፤ ቅጣትህ አንድ ግማሽ ደቂቃ። ተቀመጥ። ቁጭ-ብድግ፣ ሰዓት ያዢ።»

አናጢው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ። ፊሽካው ተነፋ። እስከ አሥረኛው ቀላል ነበር። አሥራ አምስተኛው ላይ ጭኑ ይነድ ጀመር። «ሲቀመጡ ቀስ» ትል ነበር ቁጭ-ብድግ፣ ለሁሉም በምትናገርበት ድምፅ፤ «ሲነሡ ፈጠን። ንጉሡ የት ሄደ?» ሲጨርስ ሃያ አንድ ሆነ፤ አባቱ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። የልጃቸው ውጤት ሳይሆን የላቡ ነገር ነው ደስ ያላቸው።

ቁጭ-ብድግ አላጨበጨበችም። ወረቀቷ ላይ «ሃያ አንድ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓርብ ድረስ አላነጋገረችውም። ሻይም አልነበረም። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ብቻዋን ቆማ በመጀመሪያው አውቶቡስ ስትሄድ አናጢው በመስኮቱ ያያት ነበር።

ዓርብ ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ሜትር ይዘው ነበር የመጡት፤ ቧንቧዎቹ የት ጋ እንደሚቀመጡ አስቀድመው ለክተዋል። ቁጭ-ብድግ ተነሥታ ሁሉንም ነገር፣ የወንበሮቹን ቁመት መጨመርና መቀነስ ሳታስቀር፣ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እንግዲያው» አሉ ሰብሳቢው፣ «ቁጥሩ ውሸት ነዋ።»

«የመካከሉ አዎ» አለች። «የመካከሉን ሰርዤዋለሁ።»

«የተከበሩ ሰብሳቢ» አሉ ዳኛዋ ከመቀመጫቸው፣ «መጀመሪያ ስንለካ ወንበሩ አርባ ሦስት ነበር፤ ዘጠኝ ተነሣን። መጨረሻ ስንለካ ወንበሩ አርባ ሦስት ነው፤ አሥራ ሦስት ተነሣን። በመካከሉ ወንበሩ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢሆን ምን ቸገረዎት?»

«እሺ ይሁን። አሥራ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት ግን ለማን ምን ይጠቅማል? አዳራሽ የሚያህል ነገር የሚያስይዝ ነው?»

ቁጭ-ብድግ ወረቀቷን አገላበጠች፤ የሚያስረዳ ሠንጠረዥ ነበራት። ያኔ የአናጢው አባት ተነሡ። ጠረጴዛ አልያዙም።

«ልጄ እዚህ አለ» አሉ። «ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ተቀምጬ ለመነሣት እሱን ነበር የምጠራው። ከሥራው ወጥቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ በብብቴ ይዞ ያነሣኝ ነበር። አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም። እኔ ግን እሱን ላለመጥራት ብዬ ውሃ መጠጣት ትቼ ነበር። አሁን ከጠራሁት ስድስት ሳምንት አለፈ። አሁንም አላወቀም፤ ወንበር ሲቆርጥ ነበር። ይህን በቁጥር ስንት ብላችሁ እንደምትጽፉት እናንተ ታውቃላችሁ።»

ተቀመጡ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ንጉሥ።

አናጢው ወደ ጣሪያው አየ። ስድስት ሳምንት። ሰው ሲጠራው ይሰማል፤ ሳይጠራው ሲቀር ግን ምን ይሰማል? ልብስ ሰፊው ያለ ምክንያት መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር። ሰብሳቢው የያዙትን ሜትር አንዴ ጎትተው ለቀቁት፤ በጸጥታው ውስጥ ጮኸ።

«አንድ ዓመት» አሉ። «ከዚያ በኋላ እንደገና እናያለን። ቧንቧው... ለቧንቧው ቦታ እንፈልጋለን።»

ከሰዓት በኋላ አናጢው የአንድ ቁም ሣጥን በር እየገጠመ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ አጣሞ ገጠመው። ቁጭ-ብድግ ገባች። አጣናው ላይ አልተቀመጠችም፤ ጠረጴዛው ማዶ ቆመች።

«ለሆስፒታሉ ጻፍኩላቸው።»

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ። «ምን ብለሽ?»

«አልመጣም ብዬ። ግን ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ዳኛዋን ሃያ ሳላደርሳቸው የትም አልሄድም።»

«አይመስለኝም።»

«ገና ተናድጃለሁ።»

«እሺ።»

«"እሺ" አትበለኝ፤ "እሺ" ስትል የምትደብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰጋቱራ በጣቷ ወዲያ ወዲህ ታደርገው ጀመር። «ከእንግዲህ አንድ ነገር ካወቅህ በዚያው ቀን ትነግረኛለህ። የሚያስደስተኝ ቢሆን፣ የሚያስለቅሰኝ ቢሆን። በዚያው ቀን። ካልሆነ በዚህ በር ሁለተኛ አልገባም።»

«በዚያው ቀን» አለ አናጢው። ቃሉን እንደ እንጨት ገልብጦ አየው። «እንግዲያው አሁን የማውቀው አንድ ነገር አለ።»

እጇ ቆመ። «ስለ ወንበር ነው?»

«አይደለም። እወድሻለሁ።»

ውጭ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ፤ ሄደ። ሁለቱም ወደዚያ አልዞሩም።

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው?» አለችው።

«የዛሬ ሁለት ወር ተኩል ገደማ።»

«እና ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

«ሕጉ የወጣው እኮ አሁን ነው።»

ዓይኗ ጥግ ላይ የነበረው ሳቅ አሁን መደበቂያ አጣ። ጠረጴዛውን ዞራ መጣች፤ ከፀጉሩ ላይ አንዲት የእንጨት ልጣጭ ቁራጭ አንሥታ ጣለችለት፤ እጇን ግን አልመለሰችውም።

«እኔ ካወቅሁት ሁለት ወር ከሳምንት ነው» አለች።

«አንቺም ዝም ብለሽ ነበር ማለት ነዋ?»

«አዎ።»

«እና የተቀጣሁት እኔ ብቻ ነኝ?»

«አዎ» አለችው፤ ግንባሯንም ትከሻው ላይ አሳረፈች።